የዘንዶው ግራ ጎን

መስከረም 16 ቀን 2014፣ ሐይቅ

ትምህርት ቤታችን አልተከፈተም። ጂኦግራፊ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ከቆቦና ከመርሳ የተፈናቀሉ ስድስት ቤተሰቦች ተኝተዋል፤ ከጥቁር ሰሌዳው ሚስማር እስከ መስኮቱ የልብስ ገመድ ተወጥሯል። ዳቦ አድርሼላቸው ስመለስ ይህን የስም መጥሪያ ደብተር ከመምህራን ክፍል ይዤ መጣሁ። የሚጠራ ተማሪ የለም፤ እኔ ልጻፍበት።

ልጄ ረቢያ ዛሬም ደግማ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። እኛ ስዕሎቹን የምናወርደው መቼ ነው?» አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትጠይቅ ዓይኗን ከሰው ላይ አትነቅልም።

«ምን የሚያስወርድ ነገር አለ?» አልኳት።

በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ስዕል ያለባቸው አሥራ ሁለት የጌም ማሽን የጎን ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። ሦስት የግንባር መስታወቶችም አሉ፤ ከጀርባቸው ባለቤቴ ባድሩ አምፖል አስገብቶላቸዋል። እሳት የሚተፋ መንኮራኩር፣ በሞተር ሳይክል የምትበር ሴት፣ ስምንት እጅ ያለው የባሕር አውሬ። ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቅ ዓይነት ቢጫ ቀለም። አባቴ አብዱልከሪም አሰብ ወደቡ አጠገብ በነበረ ጌም ቤት እነዚህን ሳንቲም የሚበሉ ማሽኖች ይጠግን ነበር። በ83 ሁሉም ነገር ሲፈርስ የቤቱ ባለቤት ማሽኖቹን በጭነት መኪና ደሴ አስገባቸው፣ አባቴም አብሯቸው መጣ። ዓመታት አልፈው ማሽኖቹ ሲሞቱ ብረቱ በኪሎ ተሸጠ፤ ስዕሉ ያለበት ኮምፔንሳቶ የዶሮ ቤት በር፣ የሥጋ ቤት መደርደሪያ፣ የጉልት መቀመጫ ሆነ። እኔ ከየበረቱ ስለቅም ኖርኩ። ባድሩ አናጺ ነው፤ አጥቦ፣ የተሰበረውን ሞልቶ፣ ክፈፍ ሠርቶ ይሰቅልልኛል።

አማቴ ዑምኩልሱም ሳሎን ውስጥ አትሰግድም። «ስዕል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም፣ ልጄ» ትለኛለች፤ ቁጣ ግን የላትም። ምንጣፏን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች።

መስከረም 21

የግሸን ማርያም ቀን። በሌላ ዓመት ዛሬ በዋናው መንገድ የተሳላሚ አውቶቡስ ተሰልፎ ያድር ነበር። ዘንድሮ የሚያልፈው ሸራ የለበሰ ጭነት መኪና ብቻ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ተሾመች ስለቷን ግቢዋ ውስጥ ሆና አደረሰች።

ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ስትናገር ሰማኋት። «እነ ኢንሳፍ ቤት በማታ ቀይና አረንጓዴ ይበራል። ለማን ነው የሚበራው?» ኢንሳፍ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል፤ ሽሮና በርበሬ ተበዳድረናል።

ሰዓት ሳይሞላ ዱላና ባትሪ የያዙ ሦስት የቀበሌ ጠባቂዎች መጡ። አንደኛው የመስታወቱን ሽቦ በጣቱ እየተከተለ እስከ ማብሪያው ድረስ ሄደ። «ይኸ ከምን ጋር ይገናኛል?» «ከአምፖሉ» አልኩት። «አምፖሉስ?» «ከስዕሉ።» አልሳቀም። እንዳይበራ አዝዘው ወጡ። አምፖሎቹን ፈታኋቸው።

መስከረም 27

ፈንታሁን ከውጫሌ ደወለ!

ፈንታሁን ከረንቡላ ቤት አለው፤ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በአምባሰል ገጠር የሚያገኛቸውን ሰሌዳዎች የሚጠቁመኝ እሱ ነው። «እህቴ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለኝ። «ዘንዶሽን አገኘሁት።»

ይህን መጻፍ አለብኝ። የቁጥር ሰባት ማሽን ስዕል አንድ ዘንዶ ነው፤ ጭራው በቀኙ ጎን ይጀምርና ጭንቅላቱ በግራው ጎን ይወጣል። እኔ ጋ ያለው ቀኙ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ጭንቅላቱስ?» ይሉኛል። አባቴ እየጠገነ ሲጨርስ የእያንዳንዱ ጎን ጀርባ ላይ በእርሳስ ቁጥሩን ይጽፍ ነበር፤ የእኔው «ቁ. 7 ቀኝ» ይላል።

«ከጀርባው ምን ተጽፏል?» አልኩት። ሲያገላብጠው በስልኩ ይሰማል። «ቁ. 7 ግራ። የሽቦ መንገድ የሚያሳዩ ቀስቶችም አሉበት። የዶሮ ኩስ ቢኖርበትም ቀለሙ አለ።»

አባቴ የሞተው በ2012 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ዘመኑ ተለወጠ ሲባል፣ የአሰብ መንገድ ይከፈታል ሲባል፣ የጠገነበትን ቤት ዳግም አያለሁ ብሎ ጫማ አስገዝቶኝ ነበር። መንገዱ ለእሱ አልተከፈተም። የእጁ ጽሑፍ ግን ውጫሌ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ፈንታሁን በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገሩ ጥሩ አይደለም። እነ አገሬን ወደ ዘመዶቿ ልልካቸው ነው። ከያዝነው ሳምንት በኋላ እዚህ የምቆይ አይመስለኝም፤ ማገዶ ሳይሆን ውሰዱት።» አገሬ ሚስቱ ናት፤ በስልክ ድምፅ ብቻ ነው የማውቃት።

ለባድሩ ነገርኩት። «ነገሩ ይብረድ» አለ። ምንም አላልኩም።

ጥቅምት 2

ባድሩ ውጫሌ ሄደ። የበር እንጨት ሊያይ ነው። ማታ ይመለሳል።

አማቴ «በዚህ ጊዜ ወዴት ነው?» ስትል «ለሥራ ነው» አልኳት፤ እሱ አፉን ሳይከፍት።

ጥቅምት 3

አልተመለሰም። ረፋድ ላይ ደወለ። «ሰሌዳው እጄ ገብቷል። ፈንታሁን ቤተሰቡን ልኮ እኔን ሲጠብቅ ነው የደረስኩት። መኪና የለም፤ በእግር እመጣለሁ።» ድምፁ ደህና ነበር። ከበስተጀርባ ነጎድጓድ የሚመስል። በጥቅምት ምን ነጎድጓድ።

ጥቅምት 4

ስልክ አይሠራም። ከባድ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ። መስታወቶቹ በክፈፋቸው ውስጥ ይንጫጫሉ፤ በጨርቅ ወጠርኳቸው።

ጥቅምት 6

ከውጫሌ የሚወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ አህያ ላይ የታሰረች አሮጊት። ከረቢያ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ዋናው መንገድ ላይ ቆመን ጠየቅን። ረጅም፣ ግራጫ ኮት፣ ሰሌዳ የያዘ ሰው አላያችሁም? ሁሉም «አላህ ያምጣው» ወይም «እግዜር ያውቃል» እያለ ያልፋል።

ስንመለስ ረቢያ ድንገት ቆመች። «አባዬ የበር እንጨት ሊያይ ነው አላልሽም? አሁን ሰሌዳ የያዘ ሰው ነው የምትጠይቂው።»

«በዚያው ይዞ ይመጣል ብሎ ነበር» አልኳት። ቀድማኝ ሄደች።

ጥቅምት 8

መውሊድ። መንዙማው እንደወትሮው አልደመቀም፤ ሽማግሌዎቹ በዝቅታ ነው ያሉት። ዱዓው ላይ «ለመንገደኛ» ሲባል አማቴ ሁለት እጇን ከሁሉም በላይ ዘረጋች።

ከመስጊዱ በር ላይ ከአምባሰል የመጣ አንድ ገበሬ ለሌላው ሲያወራ ሰማን። «አንዱ ምን የመሰለ ሰው! ሌላው ልጁን አዝሎ ይሮጣል፤ እሱ ሥዕል ያለበት ጣውላ አዝሏል። ወላሂ፣ አውሬው በጀርባው ላይ ሆኖ የሚያየን ነበር የሚመስለው።» ሁለቱም ሳቁ።

በሕይወት አለ። አልሐምዱሊላህ። ሮጬ ደረስኩበት። «መቼ ነው? የት?» «አርብ ነው፣ ዳገቱ ላይ። ኬላው አጠገብ ነበር፣ እህቴ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

ምነው በጣለው። ምነው ገደል በሰደደው። ሳልጠራጠር የጻፍኩት አይደለም ይኸ፤ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ነው። በመጀመሪያ ልቤን ያለፈው ሌላ ነገር ነበር። «እስካሁን ይዞታል» የሚል።

አማቴ ወደ ቤት ቀድማኝ ገባች። ከዚያ ምንጣፏን ሳትዘረጋ ቆማ፦ «ኢንሳፍ፣ ልጄን ማን ነው የላከው?»

«ማንም አልላከውም እማ። ሥራ ነው።»

ጥቅምት 11

ዛሬ በዕውቀቱ የሚባል የአምባሰል ሰው ቤቴን ጠይቆ መጣ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። በር ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ፤ ግባ ስለው እምቢ አለ።

ከኬላው ጀርባ የእህል መጋዘን አለ። የሚጠረጠር ሁሉ እዚያ ይገባል። እሱ ሁለት ቀን ታስሮ መታወቂያው ተጣርቶ ተለቀቀ። «የሐይቁ አናጺ ግን ጣጣው ከበድ ያለ ነው» አለኝ። «ሰሌዳው ጀርባ ላይ ቁጥርና ግራ የሚል ጽሑፍ፣ ቀስትም አለ። የመንገድ ምልክት ነው፣ ለጠላት ነው የምታደርሰው ይሉታል። ማን ላከህ ሲሉት ማንም ይላል። ከየት አገኘኸው ሲሉት መንገድ ላይ ይላል። ማንም የሚለው ነገር ነው ያስመታው። አንድ ሰው ስም ቢጠራ ይተዉት ነበር።»

«ለምን አይጠራም?»

በዕውቀቱ ግድግዳዬን በበሩ ስንጥቅ አየ። አየኝ። «እሱን አንች ታውቂዋለሽ» አለና ሄደ።

አውቃለሁ። እንግዲህ ልጻፈው፤ ይህ ደብተር እንኳ በእኔ መዋሸት ሰልችቶታል።

መስከረም 27 ማታ ባድሩ «ነገሩ ይብረድ» ሲለኝ ምንም አላልኩም ብዬ ጽፌያለሁ። ብያለሁ። «አባቴ ቢሆን በእግሩም ይሄድ ነበር» አልኩት። ዝም ሲል ጨመርኩ። «ከፈራህ እኔው እሄዳለሁ። አንተ ቀሚሴን ልበስ፣ ሱሪህን ስጠኝ።» እየሳቅሁ ነው ያልኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም። አራት ቀን ሙሉ በምግብ ሰዓት ጀርባዬን ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። የበር እንጨት የሚል ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አንድም ቀን አላለውም።

ጥቅምት 3 ሲደውልስ? በመጀመሪያ የጠየቅሁት «ደህና ነህ?» ብዬ አይደለም። «ቀለሙ አልተላጠም?» ነው ያልኩት።

አልሄደም። ላክሁት።

ጥቅምት 12፣ አርብ

እጄ ዝሏል፤ ግን ሁሉንም እጽፋለሁ።

ጠዋት የዘንዶውን ቀኝ ጎን ከግድግዳ አወረድኩት። ረቢያ ብሎኑን ፈታችልኝ። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ በር ላይ ሳቆመው እትዬ ተሾመች አጥሩን ዞራ መጣች። ነጠላዋን አጥብቃ አስራለች። «ሰምቻለሁ። እኔም እሄዳለሁ» አለች። ምን ልበላት? ዓይኗን አየሁት፤ ሲያለቅስ ያደረ ዓይን ነው። አማቴ ደግሞ ሳይጠይቋት ባጃጁ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። ሰሌዳውን ጣሪያው ላይ አሰርነው። ባለ ባጃጁ መንገዱን ሁሉ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ ነዳ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ወደ እኛ፣ እኛ ወዲያ።

ኬላው ላይ ሁለት ጊዜ ፈተሹን። መጋዘኑ በር ላይ አለቃቸው የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ሹራብ የለበሰ፣ ሳል የያዘው ሰው ነው፤ ለቀናት ያልተኛ ይመስላል።

«የባድሩ ሚስት ነኝ» አልኩት።

«እሱ ሚስት አለኝ አላለም።»

«አለችው።»

«እሺ። እንግዲያ አንች ንገሪኝ። ማን ላከው?»

አማቴ አጠገቤ ናት። መቁጠሪያዋ ቆመ። ያንን ቃል ስናገር ወዴት እንደሚያደርሰኝ አውቅ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ የሚበራበት ቤት፣ ሽቦ ያለበት ቤት የእኔ ነው። በወረቀታቸውም ላይ ሳይኖር አይቀርም።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አልኩ።

«ለምን?»

ጆንያውን ገፈፍኩት። ለረጅም ጊዜ ጭራውን አየ። ከዚያ በእጁ ምልክት ሲሰጥ አንድ ጠባቂ ከውስጥ ግራውን ጎን አመጣ። ጭቃ ነክቶታል፤ ጥጉ ተሰብሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ አስደገፏቸው። ዘጠኝ ዓመት የፈለግሁትን ጭንቅላት ያየሁት እንዲህ ነው። አፉ የተከፈተ፣ ምላሱ ብርቱካናማ። ዓይኑ ላይ የዶሮ ኩስ አለ።

«ዘንዶ ነው እኮ» አለ ጠባቂው ቀስ ብሎ።

አለቃው ሰሌዳዎቹን አዞራቸው። ጣቱን በእርሳሱ ላይ እያሄደ አነበበ። «ቁጥር ሰባት፣ ግራ። ቁጥር ሰባት፣ ቀኝ።» ደግሞ አነበበው። «ይህ ማን የጻፈው ነው?»

«አባቴ። ማሽን ጠጋኝ ነበር። ቀስቶቹ ሽቦው የሚያልፍበት ናቸው። ቀዳዳዎቹን እይ፣ ብሎኑ አንድ ነው።»

«በቤትሽ በማታ መብራት ይበራል የሚል አለ።»

አፌን ሳልከፍት እትዬ ተሾመች ወደፊት ወጣች። «ያንን ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ጌታው። ፈርቼ ነው። አጥር ለአጥር ነን፤ የቤቱን ውስጥና ውጭ አውቀዋለሁ። ከስዕል በቀር ያለው ነገር የለም። ማርያምን።»

አለቃውን ሳሉ ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦ «እመቤት፣ ከውጫሌ ሰው ላሙን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። በሩን ነቅሎ የተሸከመም አይቻለሁ። ለዚህ ብሎ ሰው ወደ እሳት የሚልክ ግን አላየሁም።»

ጆንያውን ከመሬት አንስቼ አጠፍኩት።

ባድሩን አወጡት። ራሱ ነው የሚራመደው። ቀኝ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። እናቱን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ እኔን ሲያይ መሬት አየ፣ የተያዘው እኔ የሆንኩ ያህል አፍሮ።

ባጃጁ ለአራት ሰው ጠባብ ነው። ባድሩ ጋደም ማለት ነበረበት። ሰሌዳዎቹ እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፈው ቀሩ። ባጃጁ ሲነሳ ዞር ብዬ አየኋቸው። ባሌ አጠገቤ እያቃሰተ እኔ ዞርኩ።

ጥቅምት 13

ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። ወጌሻ መጥቶ ጠገነው። የተሰበረው ሁለት ጣትና የመዳፉ አጥንት ነው። «መዶሻ ይይዛል?» አልኩት በር ላይ። «ማንኪያ ይያዝ መጀመሪያ» አለኝ።

ሲነቃ ጠየቅሁት። «ስሜን ለምን አልጠራህም?»

«ብጠራሽ ቤት ይመጡ ነበር። ረቢያ ቤት ናት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢሰድበኝ ምን ነበር።

አማቴ ከባጃጁ ከወረድን ጀምሮ አታናግረኝም። ለረቢያ «ለእናትሽ ሾርባው ደርሷል በያት» ትላለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ።

ጥቅምት 17

እየወጣን ነው። ወደ አርዲቦ፣ ወደ ባድሩ አጎት ኑርዬ ቤት። ሐይቅ ግማሹ ባዶ ሆኗል። እትዬ ተሾመች አልሄድም ብላለች።

ረቢያ ሳሎኑ መሐል ቆማ «ምን ልያዝ?» አለችኝ። «ብርድ ልብስ። የአባትሽን መድኃኒት። ጨው።» ግድግዳውን አላየሁም።

ጥቅምት 25፣ አርዲቦ

ማሽላ እያጨድን ነው። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። ባድሩ በግራ እጁ ነዶ ያስራል፤ ቀስ ይላል፣ ሰው ሲያግዘው ይቆጣል።

ዛሬ አማቴና እኔ በአንድ ትልም ላይ ነበርን። ማጭዷን አስቀምጣ ተቀመጠች። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ የመጀመሪያዋ ቃል ነው።

«የሄደ ቀን ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ፣ እማ?»

«አንች ሻይ ስትቀጂ እኔ ጓዳ ነበርሁ። መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። "የአባቷ እጅ ጽሑፍ ነው፣ እማ፤ ባላመጣው ግድግዳውን ስታይ ባየኋት ቁጥር የጎደለውን ነው የማየው" አለኝ። ሂድ አልኩት እኔም። ዱዓ አድርጌ ነው የሸኘሁት።»

«እንግዲያ ለምን ጠየቅሽኝ? ማን ላከው ብለሽ?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ። ሸክሙን ለብቻሽ ስትጎትችው አይቼ፣ እስክታወርጅው። አንች ግን የኔ ልጅ፣ ለባዕድ ነው ቀድመሽ የነገርሽው።»

ማጭዷን አነሳች። እኔ ትልሙን መጨረስ አቃተኝ።

ኅዳር 9

ጨው አልቋል። አውሮፕላን ሁለት ጊዜ። የኑርዬ ሚስት መስኡዳ በውኃ ብቻ የቀቀለችውን ባቄላ እያካፈለች «ዘንድሮ የበላ ሁሉ ጾመኛ ነው» አለች፤ ሳቅን። ስለ ሰሌዳዎቹ ቀኑን ሙሉ ያላሰብኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው ብዬ ልጽፍ ስል አሰብኩባቸው።

ኅዳር 30፣ ሐይቅ

ተመለስን። ከተማው ተለቋል፤ መንገዱ ላይ ሰው ሰው ያቅፋል።

ቤታችን ውስጥ ብዙ ሰዎች አድረውበታል። ከአሥራ አንዱ ሰሌዳ ዘጠኙ የሉም፤ ጓሮው ውስጥ ከአመዱ መካከል ብሎኖች አገኘሁ። ሁለቱ ወለል ላይ ተነጥፈው ሰው ሲተኛባቸው ከርሟል። በሞተር ሳይክል የምትበረዋ ሴት ላይ አንድ ሰው በቢላ ስሙንና የእናቱን ስም ጽፏል። እናቱን ናፍቆ ይሆናል። መስታወቶቹ ሦስቱም ተሰብረዋል።

እትዬ ተሾመች ደህና ናት። ከስታለች። «ለማስቆም ሞክሬ ነበር» አለችኝ። «ወግጂ አሮጊት ብለው ገፈተሩኝ።» አቅፌያት ቆየሁ።

የኬላው መጋዘን ተቃጥሏል አሉ፤ ከነውስጡ።

አላለቀስኩም። ባድሩ ከስብርባሪው መሐል ቆሞ «ሁለት ይበቃናል» አለ። ለሁለቱ ክፈፍ የሚሠራው በየትኛው እጁ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 3

በዕውቀቱ ገበያ ላይ አገኘኝ። ከንፈሩ ድኗል። ስለ ባድሩ እጅ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

ፈንታሁን ሞቷል። ጥቅምት 3 ከሰዓት። ባድሩን ዳገቱ ድረስ ሸኝቶ፣ ወደ ቤተሰቡ በሚወስደው በሌላው መንገድ ሲሄድ፣ ከባድ መሣሪያ መንገዱን መታው። ቤተሰቡ ከአንድ ቀን በፊት ወጥቷል። አብሯቸው ይወጣ ነበር። «የሐይቁ ሰው እስኪመጣ» ብሎ ነው የቀረው።

ለባድሩ ስነግረው ጤነኛ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወጣ። አጥሩ ሥር ተቀምጦ አመሸ።

ታኅሣሥ 7

ውጫሌ ለለቅሶ ሄድኩ። ብቻዬን፤ ባድሩ እመጣለሁ ቢልም ይህ የእኔ ነው አልኩት። አማቴ ወገቤን በመቀነቷ አጥብቃ አሰረችልኝ። «ቀጥ ብለሽ ግቢ» አለች።

ከረንቡላ ቤቱ ጣሪያ የለውም። አገሬ ከጀርባው ባለው ክፍል ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ካሰብኳት በላይ ወጣት ናት። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። አለቀስኩ፣ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ኢንሳፍ እባላለሁ። ከሐይቅ።»

ፊቷ አልተለወጠም። «በድምፅሽ አወቅሁሽ።»

«አገሬ፣ እሱ የቀረው እኔን ብሎ ነው። ባሌን የላክሁት እኔ ነኝ። ባልልከው ኖሮ አብሯችሁ ይወጣ ነበር። ይህን ሳልነግርሽ መኖር አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንድ ቀን ብቻ ነው ብሎኝ ነው የቀረ። ተጣልተን ነው የተለያየነው። ለጣውላ ብለህ ልጆችህን ብቻቸውን ትልካለህ ወይ አልኩት። "ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ፈልጋዋለች፣ ደስታዋን ሳላይ አልሄድም" አለኝ።» መሬቱን በጣቷ ጫረች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ። «ደረሰ?»

«ምኑ?»

«ጣውላው። ቤትሽ ደረሰ?»

እንዳልዋሽ ወስኜ ነበር የመጣሁት። ከጥቅምት ጀምሮ ለራሴ ስምል ነበር። «አልደረሰም» አልኳት። «ኬላው ላይ ቀረ። ተቃጥሏል።»

ከውጭ የልጆች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ውኃ ይዘው የሚመለሱ ናቸው።

«እንግዲያ ለእነሱ እንዳትነግሪ» አለችኝ ቶሎ ብላ፣ በሹክሹክታ። «አባታችን ለምን ቀረ ሲሉኝ የሰው አደራ ሊያደርስ ነው እላቸዋለሁ። አድርሷል እላቸዋለሁ። ሌላ የምላቸው የለኝም። አድርሷል በያቸው።»

ልጆቹ ገቡ። ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ። ትልቋ ጀሪካኑን አስቀምጣ ከእናቷ ወደ እኔ አየች። አገሬ «የሐይቋ ናት» አለቻት።

ልጅቱ ቀረብ አለች። «ዘንዶው አንች ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው» አልኳት።

«የት ሰቀልሽው?»

ከጎኔ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ። ሰው ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አፉን ከፍቷል፣ ምላሱ ብርቱካናማ ነው፤ ዓይኑን ባሌ በለስላሳ ጨርቅ አጥቦታል። ከታች፣ በእርሳስ፣ የአባትሽን ስም ጽፈንበታል።

«ሙሉ ስሙን?» አለች። «ፈንታሁን ብለን ነው፤ የአባቱን አንች ንገሪኝ» አልኳት።

ሙሉ ስሙን ነገረችኝ። ደግሜ አልኩላት፣ እንዳልረሳው።